ስለ ጉዲፈቻ ልጅና ስለ ወላጆቹ ልብ

ሕፃን በጉዲፈቻ በሚሰጥበት ቀን አንዱ ቤት ይሞላል፤ ሌላው ቤት ይጎድላል። የተቀባዮቹን ደስታ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ የሰጪዋን ኀዘንና የሕፃኑን ሐሳብ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በኦሪት የተጻፈውን የሙሴን ታሪክ እናስተውል። እናቱ ከሞት ልታድነው በወንዝ ዳር አኖረችው፤ የፈርዖን ልጅ አንሥታ ልጅ አደረገችው፤ የወለደችው እናትም የገዛ ልጇን እንደ ሞግዚት በደመወዝ አጠባች። ሙሴ በቤተ መንግሥት ቢያድግም ወገኖቹን አልረሳም።

በአገራችን የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻን ልጅ እንደ አብራክ ክፋይ ይቆጥረዋል፤ ነገር ግን ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለውን ዝምድና አያፈርስበትም። ወደ ውጭ አገር ልጆቻቸውን ከሰጡት ወላጆች አንዳንዶቹ ልጁ ተምሮ የሚመለስ መስሏቸው ነበርና፥ ዓመታት ባለፉ ጊዜ ኀዘናቸው በረታ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በጥር 2010 ዓ.ም. ልጆች ለውጭ አገር ሰዎች በጉዲፈቻ እንዳይሰጡ ከለከለ።

በሆሞሻ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተው የሸርቆሌ መጠለያ ከሱዳን ጦርነት የሸሹትን ተቀብሏል። በስደት ከወላጆቹ የተለየ ሕፃን ሁሉ ወላጅ የሞተበት አይደለም፤ እናቱ በሌላ ስፍራ እያለቀሰች ትፈልገው ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሞ ዘመድ መፈለግ፥ እስኪገኝም ሕፃኑን በአደራ ማሳደግ ይገባል። እናቱ በተገኘች ቀን ያሳደገችው ሴት ብታለቅስ ግን ማንም አይንቀፋት፤ ያለቀሰችው አደራዋን በፍቅር ስለ ጠበቀች ነው።

እንግዲህ ልጅ የምታሳድጉ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ነገሩን ከልጁ አትሰውሩት። እናንተ ብትሸሽጉት ጎረቤት በጠብ ቀን፥ ዘመድም በውርስ ቀን ይገልጠዋል። ያን ጊዜ ልጁን የሚያቆስለው በሌላ ቤት መወለዱ ሳይሆን የሚያምናቸው ሰዎች የደበቁት መሆኑ ነው። ገና በሕፃንነቱ በሚገባው ቃል ንገሩት፤ ስለ ወለደችውም እናት ክፉ አትናገሩ። ስለ እርስዋ ቢጠይቅ ውለታ የረሳ አትበሉት፤ መጠየቁ እናንተን መጥላቱ አይደለምና። የወለዳችኋቸው ልጆችም ካሉ በምግብ፥ በልብስና በተግሣጽ አታበላልጡ።

ወንዱ በአርባ፥ ሴቲቱም በሰማንያ ቀን ተጠምቀን ሁላችን የእግዚአብሔር የጸጋ ልጆች ሆነናል። ይህን ጸጋ የተቀበለ ሰው በቤቱ ያለውን ሕፃን እንደ እንግዳ ሊያይ አይችልም። ልዑል እግዚአብሔር የወለዱትን ያጽናና፤ ያሳደጉትን ይባርክ፤ ልጆቹንም ያሳድግ። አሜን።