ዝናብ የማይወደው ሻጋታ፦ የማንጎ ችግኝ፣ የአውሮፓ ኦክና የኢትዮጵያ ገብስ

በአርሲ ዞን የመርቲ ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከአቦምሳ ወደ አዋሽ ሸለቆ ሲወረድ፣ የደጋው ገብስና ስንዴ ቦታቸውን ለፍራፍሬ ይለቃሉ። የላይኛው አዋሽ አግሮ ኢንዱስትሪ ድርጅት በአዋሽ ወንዝ መስኖ ብርቱካን፣ ማንጎና ቲማቲም ለረጅም ዓመታት ያለማው በዚሁ ሸለቆ ነበር፤ አርሶ አደሩም በጓሮው ማንጎ ይተክላል። በእንዲህ ያለው ቆላ የተተከለ የማንጎ ችግኝ ለጋ ቅጠል ባወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ሰው ዱቄት የነሰነሰበት መስሎ ይታያል። ነጩ ብናኝ በጣት ሲነካ ይለቃል። ቅጠሉ ግን ቀስ በቀስ ይጨማደዳል፣ ጫፉ ይጠቀለላል፣ ቡናማ ሆኖም ይረግፋል። በሽታው ያበበውን ዛፍ ካገኘ ደግሞ አበባውን አድርቆ ፍሬ እንዳይቋጥር ያደርጋል። ባለሙያዎች ፓውደሪ ሚልዲው ይሉታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ ዱቄት መሰል ሻጋታ ብለን እንጠራዋለን።

ይህን ሻጋታ ከሌሎች ፈንገሶች የሚለየው ዋነኛ ነገር ከውኃ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። የስንዴ ዋግን ብንወስድ፣ ስፖሩ እንዲበቅል ቅጠሉ ላይ ለሰዓታት የቆየ ጤዛ ወይም የዝናብ ጠብታ ያስፈልገዋል። ዱቄት መሰል ሻጋታ ግን በደረቅ ቅጠል ላይ ይበቅላል። ምክንያቱም ስፖሩ ስንቁን ይዞ ይጓዛል፤ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውኃ ነው። እንዲያውም በውኃ ጠብታ ውስጥ የገባ ስፖር ብዙውን ጊዜ ይጎዳል፣ ከባድ ዝናብም ከቅጠሉ ላይ አጥቦ ያወርደዋል። በመሆኑም ሌሊቱ ቀዝቀዝ፣ ቀኑ ሞቅ የሚልበት፣ አየሩ መጠነኛ እርጥበት ያለውና ዝናብ የማይጥልበት ወቅት ይመቸዋል። ማንጎ በበጋ ማበቡ ለሻጋታው መልካም አጋጣሚ ነው።

ስፖሩ ቅጠል ላይ ካረፈ በኋላ ቀጭን ቱቦ ያወጣል፤ የቱቦው ጫፍ አብጦ ቅጠሉ ላይ ይጣበቃል። ከዚያም ሰም መሰሉን የቅጠል ሽፋንና የሕዋሱን ግድግዳ በስቶ በላይኛው የሕዋስ ንጣፍ ውስጥ ሀውስቶሪየም የተባለ መጣጫ አካል ይተክላል። የቀረው የፈንገሱ አካል ከቅጠሉ ውጪ፣ በገጹ ላይ ነው የሚዘረጋው። መጣጫው ሕዋሱን አይገድለውም፤ ሕያው ሆኖ እንዲመግበው ይፈልጋልና። በዚህም የተነሳ ተመራማሪዎች ይህን ፈንገስ እንደ ተራ ሻጋታ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ በሰው ሠራሽ ምግብ ሊያሳድጉት አይችሉም። በሳምንት ገደማ ጊዜ ውስጥ ከገጹ ላይ የቆሙት ዘንጎች አዳዲስ ስፖሮችን ያፈራሉ፤ ነፋስ ቀሪውን ይሠራል።

ችግኝ ለምን ይበልጥ ይጎዳል? ሻጋታው በቀላሉ የሚበሳው ሽፋኑ ገና ያልጠነከረ ለጋ ቅጠልን ነው። ትልቅ ዛፍ በርካታ የጎለመሱ ቅጠሎች ስላሉት ጥቂት ለጋ ቅርንጫፎች ቢታመሙበትም ይችለዋል። በፕላስቲክ ከረጢት ያለ ችግኝ ግን ያለው ሁሉ ለጋ ነው። የተዳቀለ ችግኝ ከሆነ ደግሞ ኪሳራው ይብሳል፤ ከተዳቀለው ቅርንጫፍ የሚወጡት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቅጠሎች ከጠፉ የወራት ድካም ከንቱ ይሆናል።

ተመሳሳይ ታሪክ በአውሮፓ ደኖች ተፈጽሟል። እ.ኤ.አ. በ1907 በፈረንሳይ የኦክ ዛፎች ላይ ቀድሞ በዚያ መጠን ያልታየ ነጭ ሻጋታ ተከሰተ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም አህጉሩን አዳረሰ። (ኦክ በአገራችን በተፈጥሮ አይበቅልም፤ በየመንገዱ ዳር የምናየው ግራቪሊያ በእንግሊዝኛ ከኦክ ጋር የተያያዘ ስም ቢሰጠውም ዝምድና የለውም።) በተለይ አባጨጓሬ የመጀመሪያውን ቅጠል ሲበላበት በበጋ ዳግም ያቆጠቆጠው ኦክ ለጋ ቅጠሉን ለሻጋታው ያስረክባል፤ የዛፉ ችግኞችም በብዛት ይሞታሉ። ፈንገሱ ኤሪሲፌ አልፊቶይደስ ተባለ፤ ቃሉ በግሪክኛ «የገብስ ዱቄት መሰል» ማለት ነው። ከየት እንደመጣ ግን ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የዘረመል ጥናት የኦኩ ሻጋታ በማንጎና በሌሎች የሐሩር ዛፎች ላይ ከሚገኙት ሻጋታዎች ጋር እጅግ የተቀራረበ መሆኑን አሳየ። ፈንገሱ ከሐሩር ዛፍ ወደ ኦክ ሳይዘል አልቀረም የሚለው ግምት ከዚያ ወዲህ ሚዛን ደፍቷል።

ወደ መከላከሉ እንመለስ። አንጋፋው መድኃኒት ድኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 በእንግሊዝ የወይን ተክል ላይ የታየው የዚሁ ቤተሰብ አባል ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ በ1854 የአገሪቱን የወይን ጠጅ ምርት ከአራት ዓመት በፊት ከነበረው ወደ ሩብ አካባቢ አወረደው፤ ወይኑን ያዳነው የድኝ ዱቄት ነበር። ዛሬም በውኃ የሚበጠበጥ ድኝ በርካሽ ይሠራል። ሆኖም የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያልፍ ድኝ ቅጠል ያቃጥላል። እንደ አዋሽ ሸለቆ ባለ ቆላ በቀትር የሚረጭ ሰው ከሻጋታው የባሰ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል፤ ማለዳ ወይም ወደ ማታ መርጨት፣ ዘይትነት ያለው ፀረ ተባይ ከተረጨም ቢያንስ ሁለት ሳምንት መቆየት ያስፈልጋል። ድኝ ተከላካይ እንጂ ፈዋሽ አይደለምና ነጩ ነጥብ ገና በጥቂት ቅጠሎች ላይ ሳለ መጀመር ይሻላል። ስንዴ አብቃዩ የሚያውቃቸው የፕሮፒኮናዞል ዓይነት ኬሚካሎችም ይሠራሉ፤ ግን አንዱን ደጋግሞ መርጨት ፈንገሱ እንዲለማመደው ያደርጋል።

ብራዚላዊው ተመራማሪ ዋግነር ቤቲዮል እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጥናት በውኃ የቀጠነ የላም ወተት የዝኩኒን ዱቄት መሰል ሻጋታ እንደሚገታ አሳይቷል። ወተት ለልጅ በማይተርፍበት ቤት ይህን መምከር እንደማይገባ እናምናለን፤ ለጥቂት ችግኞች ግን ሊሞከር ይችላል። ከመድኃኒቱ በፊት የሚቀድመው የችግኝ ጣቢያው አያያዝ ነው። የታመሙትን ለጋ ቅጠሎች ቆርጦ ማቃጠል፣ ችግኞቹን አራርቆ ነፋስና ብርሃን እንዲያገኙ ማድረግ፣ ከልክ በላይ የጠቆረ የዳስ ጥላን ማሳሳት፣ ዩሪያ አለማብዛት። ናይትሮጅን የበዛበት ችግኝ ለጋና ውኃማ ቅጠል ያበዛል፤ ሻጋታውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን በራሱ የሚቋቋም ተክል ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ የኢትዮጵያ ደጋ ለዓለም ያበረከተው ነገር አለ። ገብስን የሚያጠቃ ሌላ ዱቄት መሰል ሻጋታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰቡ የአርሶ አደር ገብሶች መካከል አንዳንዶቹ በዚህ ሻጋታ እንደማይያዙ ታወቀ። ምክንያቱ ኤም-ኤል-ኦ በተባለ ዘረመል ላይ የደረሰ ለውጥ ነው። ነገሩ ከተለመደው የተገላቢጦሽ ነው፤ ተክሉን የሚያድነው አንድ ዘረመል መያዙ ሳይሆን ዘረመሉ በአግባቡ አለመሥራቱ ነው። ጤነኛው ዘረመል የሚያስገኘው ፕሮቲን ሻጋታው ሕዋሱን ሲበሳ እንዲሳካለት ይረዳዋል፤ ፕሮቲኑ ሲጠፋ ተክሉ ከሚበሳው ቦታ ሥር ግድግዳውን ያደነድንና መግቢያውን ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ይህ የተፈጥሮ ለውጥ ገብስ ከለመደ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ የተከሰተ መሆኑን አመለከተ። የአውሮፓ አዳቃዮች ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይህንን የኢትዮጵያ ለውጥ በበልግ በሚዘራ የቢራ ገብሳቸው ውስጥ አስገብተው ለአሥርተ ዓመታት ተጠቅመውበታል። ሌሎች የመቋቋሚያ ዘረመሎች በጥቂት ዓመታት ሲሰበሩ ይህኛው ጸንቷል።

ኤም-ኤል-ኦ በገብስ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በቲማቲምና በአተር ላይ በተፈጥሮ የተገኙ ተመሳሳይ ለውጦች መቋቋምን ሰጥተዋል፤ በስንዴም ላይ የቻይና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ዘረመሉን በማረም ተመሳሳይ ውጤት አግኝተዋል። ቤተሰቡ በሌሎች ዕፅዋትም ውስጥ ስላለ የማንጎ አዳቃይም የት እንደሚፈልግ ያውቃል ማለት ነው። የዛፍ ነገር ግን ጊዜ ይጠይቃል፤ ገብስ በወራት ዘር ሲሰጥ ከፍሬ የበቀለ ማንጎ እስኪያፈራ ብዙ ዓመት ያስጠብቃል። የአገራችን የዘር ባንክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ የኤም-ኤል-ኦ ገብሶች ከአገር ከወጡ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው።