ለመንገድ የሚሆን ልብስ

እኛ የወሎ ደጋ ሰዎች እግረኞች ነን። ገበያ የምንሄደው፣ እህል የምናስፈጨው፣ ለቅሶ የምንደርሰው፣ ታማሚ ወደ ጤና ጣቢያ የምናደርሰው በእግራችን ነው። ዛሬ በብዙ ወረዳ የመኪና መንገድ ገብቷል። ቢሆንም ከመኪናው መንገድ እስከ ደጃፋችን ያለውን ዳገት የሚወጣው ያው እግራችን ነው።

መንገድ ልንወጣ ስንል ስለ ስንቃችን እናስባለን። በሶው ተቋጥሯል? አህያው ተጭኗል? እንላለን። ስለምንለብሰው ልብስ ግን ብዙም አንጠይቅም። ያገኘነውን ጣል አድርገን እንወጣለን። ነገር ግን በደጋ መንገድ ሰው የሚያጠፋው በሽታና ገደል ብቻ አይደለም። ብርድም ሰው ይገድላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ለመንገድ የትኛው ልብስ እንደሚሻል፣ ለምንስ እንደሚሻል እንመለከታለን።

አንድ መንገድ፣ ብዙ አየር

ከኩታበር እስከ ደሴ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሌሊት ተነሥቶ ወደ ደሴ ሰኞ ገበያ የሚሄድ ሰው ከቤቱ ሲወጣ ብርዱ ያንሰፈስፈዋል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ያገኘዋል። ማታ ሲመለስ ደግሞ ዝናብና ንፋስ ሊቀበለው ይችላል።

ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ወደ ዓባይ የሚወርድ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጓዛል። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት በሚበልጥ መጠን ይቀዘቅዛል። በ1,000 ሜትር ሲታሰብ 6 ዲግሪ ያህል ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ዓባይ ዳር ሸሚዙን አውልቆ ላቡን የሚጠርግ ሰው፣ መካነ ሰላም ሲመለስ ጋቢ ያምረዋል። ጉጉፍቱን ሲያቋርጥ ወይም ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ አምባ ፈሪት ተራራ ሲጠጋ ጋቢውም አይበቃው።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። ለአንድ አየር ብቻ የሚሆን ልብስ ለእኛ አገር መንገድ አይሆንም።

ልብስ ራሱ አይሞቅም

ልብስ እሳት አይደለም። ሙቀት አይሠራም። ሙቀት የሚሠራው ገላችን ነው። ልብስ የሚያደርገው ይህ ሙቀት እንዳይሸሽ መያዝ ነው። የሚይዘውም በክሩ መካከል ባለው አየር ነው። ዶሮ ሲበርዳት ላባዋን ትነፋለች። ለምን ይመስለናል? በላባዋ መካከል ብዙ አየር ለማቆር ነው። ጋቢም የሚያሞቀን አራት እጥፍ ስለሆነ ነው። በየእጥፉ መካከል አየር አለ።

ታዲያ ልብሱ ውኃ ሲጠጣ ምን ይሆናል? አየሩ ይወጣና ውኃ በቦታው ይገባል። ውኃ ደግሞ የገላችንን ሙቀት ከአየር ይልቅ ከ20 ጊዜ በላይ አፍጥኖ ይወስዳል። ንፋስ ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። ሰው በብርድ የሚሞተው ውኃ በሚረጋበት ብርድ ብቻ ነው ብለን እናስባለን። እንደዚያ አይደለም። ሐምሌ ላይ ዝናብ የደበደበው፣ ንፋስ የመታው መንገደኛም በብርድ ሊሞት ይችላል።

ጥጥና ሱፍ

ነጠላ፣ ኩታና ጋቢ የጥጥ ልብሶች ናቸው። ጥጥ ሲደርቅ መልካም ልብስ ነው። ለገላ ይለሰልሳል፤ በፈላ ውኃ ይታጠባል። ሲርስ ግን ውኃውን ይመጠዋል። ከገላ ይለጠፋል፣ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅ። ዝናብ የጠጣ ጋቢ ሸክም እንጂ ልብስ አይባልም።

በርኖስ፣ ባናና ዝተት ግን ከበግ ጠጉር የሚሠሩ ናቸው። የበግ ጠጉር፣ ማለትም ሱፍ፣ የራሱን ክብደት ሲሶ የሚያህል እርጥበት ይዞ እንኳን ለገላ እርጥብ አይመስልም። ክሩ ጥምዝምዝ ስለሆነ በውስጡ ያለው አየር በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ ሱፍ ቢርስም ከጥጥ ይልቅ ያሞቃል። በግ ክረምቱን ሙሉ በዝናብ ላይ ውላ የማትሞተው በዚሁ ጠጉሯ አይደለም ወይ?

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። የመንዝና የወሎ ደጋ በግ ጠጉሯ ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ከዚያም ሸማኔ ይሠራዋል። አሁን ግን ብዙ ወጣቶች «በርኖስ የሽማግሌ ልብስ ነው» ይላሉ። ከገበያ ሰልባጅ ጃኬት ገዝተው ይለብሳሉ። ሰልባጅ መግዛት ነውር የለበትም። ነገር ግን ሲያዩት ወፍራም የሆነ ሁሉ ሙቅ አይደለም። ከጥጥ የተሠራ ወፍራም ጃኬት በአንድ ዶፍ ዝናብ ከንቱ ይሆናል።

ልብሱ ከምን እንደተሠራ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ከጫፉ አንድ ክር መዝዘን በእሳት እንለኩሰው።

1. የተቃጠለ ጠጉር ከሸተተና አመዱ በጣት ሲታሽ ከደቀቀ ሱፍ ነው።
2. የተቃጠለ ወረቀት ከሸተተ ጥጥ ነው።
3. ቀልጦ እንደ ዶቃ ከጠነከረ ናይለን ወይም ፖሊስተር ነው።

ናይለንና ፖሊስተር ውኃ ብዙ አይመጡም፤ ቶሎም ይደርቃሉ። ስለዚህ ለመንገድ ከጥጥ ይሻላሉ። ነገር ግን ከእሳት ዳር ልንጠነቀቅ ይገባል። ሲቀልጡ ከገላ ላይ ይጣበቃሉና።

ደራርቦ መልበስ

ለመንገድ ከአንድ ወፍራም ልብስ ይልቅ ሁለት ሦስት ስስ ልብሶች ይሻላሉ። ሲሞቀን አንዱን እናወልቃለን፤ ሲበርደን እንደርባለን። በየልብሱ መካከልም አየር ይኖራል።

ይህን በሩቅ አገር ያሉ ተራራ ወጪዎችም ያውቁታል። ጆርጅ ማሎሪ የተባለ እንግሊዛዊ በ1916 ዓ.ም. ከዓለም ተራሮች ሁሉ ከፍ ወደሚለው ወደ ኤቨረስት ሲወጣ ጠፋ። አስከሬኑ በ1991 ዓ.ም. ሲገኝ የመውደቅ ጉዳት ታየበት። ልብሱ ሐር፣ ጥጥና ሱፍ ተደራርቦ፣ በላዩ ንፋስ የሚከለክል ጥብቅ ጨርቅ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ያንኑ የመሰለ ልብስ ተሠርቶ እዚያው ተራራ ላይ ተሞከረ። ቀላልና ሙቅ ሆኖ ተገኘ። ዛሬም የደንቆሮን ጫካና የቦረና ሳይንትን ተራሮች ለማየት ሻንጣ በጀርባቸው አዝለው የሚመጡ እንግዶች የሚለብሱት በዚሁ ዘዴ ነው፤ ከውስጥ ስስ፣ በመካከል ሙቅ፣ ከላይ ዝናብና ንፋስ የሚመልስ።

እኛም ባለን ልብስ ይህን ማድረግ እንችላለን።

ከውስጥ፦ ከገላ ጋር የሚሄድ ስስ ሸሚዝ ወይም ቀሚስ። ሲያልበን የምንቀይረው ሌላ ትርፍ ቢኖረን መልካም ነው።

በመካከል፦ ሹራብ፣ ከተቻለ የሱፍ።

ከላይ፦ በርኖስ ወይም ባና። ዝናብ ሲመጣ በእርሱ ላይ ገሳ ወይም ላስቲክ። ገሳ በእጃችን የምንሠራው የሣር ልብስ ነው፤ ውኃውን ወደ ታች ያንሸራትተዋል። ላስቲክም ውኃ አያስገባም፤ ሆኖም ላብ ስለማያስወጣ ዝናቡ ሲያባራ ቶሎ ማውለቅ ይገባል።

ለራስ፦ የሱፍ ቆብ፣ ሻሽ ወይም ጥምጥም። ራስንና አንገትን ሳይሸፍኑ ሌላውን ገላ ብቻ መሸፈን ጎታ ሞልቶ ክዳኑን እንደ መርሳት ነው።

ላብን አንርሳ። ላብ ከውስጥ የሚመጣ ዝናብ ነው። ሸክም ተሸክመን ዳገት ስንወጣ ልብሳችንን ከውስጥ እናርሰዋለን። አናቱ ላይ ደርሰን ስናርፍ ንፋሱ ይመታናል፤ ያን ጊዜ ብርድ ይገባናል። ስለዚህ ዳገቱን ከመጀመራችን በፊት አንድ ልብስ እናውልቅ። አናቱ ላይ ስንደርስ ደግሞ ሳይበርደን እንልበስ። በርዶን ከመልበስ ሳይበርደን መልበስ ይሻላል።

አንድ ሕግ ደግሞ እንጨምር። የማደሪያ ልብስ ቀን አይለበስ። ጋቢያችንን በላስቲክ ጠቅልለን በአቁማዳ ውስጥ እንያዘው። ቀን የለበስነው ሁሉ ቢርስ እንኳን ማታ የምንገባበት ደረቅ ልብስ ይኖረናል። ይህ ደረቅ ጋቢ የአንድን ሰው ነፍስ ሊያድን ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚዘጋጀው ከቤት ሳንወጣ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው በከንቱ አይደለም።

እግርን መጠበቅ

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፎ የለም ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው። በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ አሸነፈ። ነገር ግን በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ ያን ጊዜም አሸነፈ፤ በሦስት ደቂቃ ያህልም ፈጥኖ ገባ። ስለዚህ ጫማ ማድረግ ስንፍና አይደለም።

በባዶ እግር መሄድ በእሾህ መወጋት ብቻ አያመጣም። በደጋ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው እግሩ ሊያብጥ ይችላል። ይህ እብጠት ዝሆኔ ይባላል። በአፈሩ ያሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች በእግር ቆዳ ገብተው የሚያመጡት በሽታ ነው። እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ በማድረግና እግርን በሳሙና በመታጠብ ይከለከላል።

ከጎማ የሚሠራው በረባሶ ጠንካራ ነው፤ ውኃም አይቋጥር። ኮንጎ ጫማ ርካሽ ነው፤ ጭቃም አያበላሸው። ግን አየር ስለማያስገባ እግር ያልብበታል፣ ይላጣል። ካልሲ ብናደርግበት መላጡን ይቀንሳል። ማታ ማታ እግራችንን ታጥበን፣ በጣቶቻችን መካከል ሳይቀር እናድርቅ። አዲስ ጫማ ደግሞ ለረጅም መንገድ አይሆንም። በመጀመሪያ በቅርብ መንገድ እናለማምደው።

ብርድ የመታው ሰው ስናገኝ

የሰው ገላ ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ነው። ከ35 በታች ሲወርድ ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። ምልክቶቹም እነዚህ ናቸው። ሰውየው ይንቀጠቀጣል። ንግግሩ ይንተባተባል። እጁ ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል። እንደ ሰከረ ሰው ይደናቀፋል። በኋላም መንቀጥቀጡን ያቆማል። ይህን ጊዜ «እሰይ፣ ሻለው» እንላለን። አልተሻለውም፤ ብሶበታል።

እንዲህ እናድርግለት።

1. ከንፋስና ከዝናብ ወደ ተከለለ ቦታ እናስገባው።
2. እርጥብ ልብሱን አውልቀን ደረቅ ልብስ እናልብሰው። ራሱንም እንሸፍን። ከበታቹ ሣር ወይም አጎዛ እናንጥፍለት።
3. ሌላ ሰው አብሮት በአንድ ጋቢ ገብቶ በገላው ያሙቀው።
4. ነፍሱን ካወቀና መዋጥ ከቻለ ሙቅ፣ ጣፋጭ ሻይ ወይም አጥሚት እንስጠው።
5. አረቄ አንስጠው። አረቄ ሙቀት የሰጠ ይመስላል እንጂ የገላን ሙቀት ወደ ቆዳ አውጥቶ ያባክናል።
6. እጅና እግሩን በኃይል አንሽ፤ ከነበልባል አጠገብም አናስቀምጠው።
7. በቃሬዛ ቀስ ብለን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

ሕፃናትና ሽማግሌዎች ከሌላው ቀድመው ይጎዳሉ። እረኛ ልጅ ወደ ሜዳ ሲሰማራ ሰማዩ ጠራ ብለን ያለ ደበሎና ያለ ገሳ አንስደደው። በደጋ ሰማይ ከጠዋት እስከ ማታ በአንድ ቃል አይጸናም።

ልብሳችንንም እንንከባከብ። በልብስ ስፌት ውስጥ የሚኖር ቅማል ተስቦና ግርሻ ያመጣል። የጥጥ ልብስ በፈላ ውኃ ይታጠብ። የሱፍ ልብስ ግን በፈላ ውኃ ይኮማተራል፤ በለብታ ውኃ ታጥቦ በአየር ይድረቅ። ብል እንዳይበላውም አልፎ አልፎ ፀሐይ ላይ እናስጣው።

እንግዲህ መልካም የመንገድ ልብስ ማለት ውድ ልብስ ማለት አይደለም። ሲርስ የማይከዳ፣ ሲሞቅ የሚወልቅ፣ ሲበርድ የሚደረብ ልብስ ማለት ነው። ከዚህም ብዙው በቤታችን አለ። የበጋችንን ጠጉር ሸልተን አንጣለው። በርኖሱንም ከሣጥን አውጥተን ለመንገደኛው ልጃችን እናልብሰው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የራሰ ጋቢ የማያሞቀው ለምንድን ነው?
2. የሱፍን ክር ከጥጥ ክር በምን እንለያለን?
3. ዳገት ከመውጣታችን በፊት ልብስ የምናወልቀው ለምንድን ነው?
4. ብርድ ለመታው ሰው አረቄ መስጠት የማይገባው ለምንድን ነው?
5. በቀበሌያችሁ የበግ ጠጉር ምን ይደረግበታል? ከዚህ የተሻለ ምን ሊሠራበት ይችላል? ተወያዩበት።