ስለ ማህፀን ፈሳሽ ሐፍረት ከመጠየቅ አያግደን

በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ.) ደሟ አልቋረጥ ቢላት ቀርባ ሰላት መተው ይኖርባት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም ደሙ ከደም ሥር የሚመጣ እንጂ ሐይድ አለመሆኑን አስረዱዋት። ከዚህ የምንማረው ከሰውነት የሚወጣው ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ፣ መጠየቅም ነውር አለመሆኑን ነው። ዛሬ ግን ብዙ እህቶቻችን ጤናማውን ፈሳሽ በሽታ መስሏቸው ይጨነቃሉ፤ በሽታውን ደግሞ ደብቀው ይሰቃያሉ።

ጤናማው የትኛው ነው?

ልጃገረዶች የመጀመሪያው የወር አበባ ከመምጣቱ ከወራት በፊት ጀምሮ ነጭ ወይም ውኃ መሰል ፈሳሽ ሊያዩ ይችላሉ። ይህ ፈሳሽ ብልትን ያረጥባል፤ ከጀርምም ይከላከላል። በወሩ አጋማሽ ገደማ እንደ እንቁላል ነጩ ክፍል ጥርት ያለና የሚለጠጥ ይሆናል፤ ከዚያም ወፈር ይላል። በእርግዝና ይበዛል፤ ሴት ስታርጥ ይቀንሳል። ማሳከክ፣ ማቃጠል ወይም መጥፎ ጠረን ከሌለው አያሳስብም። እያንዳንዷ እህት የራሷን ልማድ ማወቅ አለባት፤ ለውጡን የምትለየው በዚያ ነውና።

የሚያሳስበውስ?

እንደ አይብ የተቆራረሰ ነጭ ፈሳሽ ከማሳከክ ጋር ከመጣ ብዙውን ጊዜ ፈንገስ ነው። ግራጫና ቀጭን ሆኖ የዓሣ ጠረን ያለው በብልት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ሚዛን መዛባቱን ያመለክታል። ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ አረፋ ያለው ትሪኮሞናስ በተባለ ተውሳክ ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ሲሆን ባልም አብሮ መታከም አለበት። ሆኖም በመልኩ ብቻ ገምቶ መድኃኒት መግዛት አይገባም፤ ምርመራ ያስፈልጋል።

ወላጆች ሆይ! ፈንገስ ያላገባችንም ልጅ ይይዛል። አንቲባዮቲክ መውሰድ ወይም የስኳር በሽታ ሊያመጣው ይችላል። ስለሆነም ፈሳሽ ያየች ልጅ ሁሉ በክፉ መጠርጠር የለባትም። ጥርጣሬያችንን የፈራች ልጅ ሕመሟን ትደብቀናለች።

ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ መሄድ የሚገባው መቼ ነው?

ከወር አበባ ውጭ፣ ከግንኙነት በኋላ ወይም ካረጡ በኋላ ደም ሲታይ፤ ከእምብርት በታች ሕመምና ትኩሳት ሲኖር፤ ነፍሰ ጡር ደም ወይም ውኃ ሲፈሳት ነው። እንዲህ ያለው ደም አንዳንዴ የማህፀን በር ካንሰር ምልክት ይሆናል። ይህን በሽታ ለመከላከል በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች ክትባት ይሰጣል። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆኑ እናቶችም ምንም ሳያማቸው ቅድመ ምርመራ ቢያደርጉ መልካም ነው።

ለንጽሕና ሲባል ብልትን ውስጡን በሳሙና ወይም በሎሚ ማጠብ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ያጠፋል፤ ሕመምንም ይጋብዛል። ውጩን በንጹሕ ውኃ፣ ከፊት ወደ ኋላ ማጠብ በቂ ነው። የጥጥ የውስጥ ልብስም ይመረጣል።

ሴት ሐኪም ከተገኘች እሰየው፤ ካልተገኘች ግን ዑለማዎች ለሕክምና ሲባል ወንድ ሐኪም ዘንድ መታየትን ፈቅደዋል። ስለ ውዱእና ሰላት ዐሊም እንጠይቅ፤ ስለ ሕመሙ ሐኪም እንጠይቅ። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። እናቶች ይህን ለሴት ልጆቻቸው ቀደም ብለው ይንገሩ፤ ልጅቷ ከጎረቤት ወሬ ሳይሆን ከእናቷ አፍ ትስማው።