በረጅም ዕድሜ ስለሚሆን የነፍስ ዕድገት

ሰው ሰማንያ ዓመት ካለፈው በኋላ ጉልበቱ እየደከመ ዓይኑም እየፈዘዘ ስለሚሄድ፤ ከእንግዲህ የሚቀረው ማነስ ብቻ ነው ብለን ማሰብ ለምደናል። ነገር ግን ስለዚሁ ዕድሜ ሊመሰክር የሚገባው የደረሰበት ሰው ነው፤ እኛ ያላየነውን አገር ካርታ እንዴት እንሥላለን?

ይህ ስሕተት በሊቃውንትም ላይ ደርሷል። ኤሪክ ኤሪክሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ዓመት በጀርመን አገር ተወልደው በአሜሪካ የኖሩ የሰውን ጠባይ መርማሪ ነበሩ። በ1950 ዓመት ባሳተሙት መጽሐፍ፤ በባለቤታቸው በወይዘሮ ጆአን ረዳትነት፤ የሰውን ዕድሜ በስምንት ደረጃ ከፈሉት። በየደረጃውም ሁለት ነገሮች ይታገላሉ፤ ይኸውም በሕፃንነት ማመንና መጠራጠር፤ በእርጅና ደግሞ የኖሩትን ሕይወት በሙሉ ልብ መቀበልና ተስፋ መቁረጥ ናቸው። አሳቡ የሚመሰገን ነው፤ ግን ስለ እርጅና የጻፉት የ48 ዓመት ሰው ሳሉ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ከዘጠና ዓመት አለፉ። ወይዘሮ ጆአንም ስምንቱ ደረጃ ለዚህ ዕድሜ እንደማይበቃ በራሳቸው ሰውነት አይተው ዘጠነኛ ጨመሩበት፤ ጽሑፋቸው የወጣው በሞቱበት በ1997 ዓመት ነው። በዚህ ደረጃ ነገሩን ገልብጠው መጠራጠርን ከማመን አስቀደሙት። በሕፃንነት የተሸነፈው ጠላት በዘጠና ዓመት ተመልሶ ይነሣልና፤ ሰው እግሩን ማመን ያቅተዋል፤ ትናንት ብቻውን የሠራውን ዛሬ በሰው እጅ ይሠራዋል። ተስፋ መቁረጡም ያለፈውን ዘመን ከመጸጸት ይልቅ፤ የዛሬዋን ቀን እንዴት አድርጌ አመሻለሁ የሚል ጭንቀት ይሆናል። ቢሆንም ይህን ድካም አምኖ ለተቀበለ ሰው የማደጊያው መንገድ እንዳልተዘጋ መሰከሩ።

የስዊድን ሊቅ ላርስ ቶርንስታምም በ1989 ዓመት የሚቀራረብ አሳብ አቅርበዋል። ሽማግሌ ከጉባኤ ሲርቅ፤ ዝምታን ሲወድ፤ የሞቱትን አያቶቹን አጠገቡ እንዳሉ ሲያስብ፤ ሞትንም መፍራት ሲተው፤ ጐረቤት ታመመ ይላል። እርሳቸው ግን ይህ ዕድገት ሊሆን ይችላል አሉ። (በተባሕትዎ ለሚኖሩ አባቶች ይህ አዲስ ወሬ አይደለም።)

ሁሉም እዚህ ይደርሳል ማለት አይደለም፤ ሕመምና ድኽነት ብዙውን ያሰናክሉታል፤ ኀዘን የዋጠውንም ሰው በመንፈስ አደገ ብሎ ሐኪም መከልከል ትልቅ በደል ነው። ሁለቱን ለመለየት አጠገቡ ተቀምጦ መጠየቅና ታግሦ መስማት ያስፈልጋል። እኛ ግን በበዓል ቀን ሽማግሌውን ከፊት ወንበር እናስቀምጥና ንግግሩን የምናደርገው እኛው ነን።