ከደዶ ተነስቶ ጋዜጠኝነት መማር

በዚህ ሰሞን የደዶ የ12ኛ ክፍል ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚሁ ልመልስ። «ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ብማር ምን ይሆንልኛል? ለዚያውስ አዲስ አበባ መሄድ የለብኝም ወይ?»

የለባችሁም። ጅማ ከደዶ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ይሰጣል፤ ኤፍ ኤም 102.0 የሚባል የማኅበረሰብ ሬዲዮም አለው። ይህ ለተማሪ ትልቅ ዕድል ነው። ስቱዲዮ ገብታችሁ ያነበባችሁትን እናታችሁ ጓዳ ሆና ልትሰማው ትችላለች፤ ከተሳሳታችሁም ማታውኑ ትነግራችኋለች።

ብዙ ሰው ትምህርቱን ካሜራ ፊት መቆም አድርጎ ያስበዋል። ዋናው ሥራ ግን መጠየቅና ማጣራት ነው። ለምሳሌ ከቡና ልነሳ። ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ፈንገስ ነው፤ እሸቱን ገና አረንጓዴ ሳለ ያጠቁረውና ያረግፈዋል። በዚያን ጊዜ ተመራማሪዎች በየጫካው እየዞሩ በሽታውን የተቋቋሙ የቡና ዛፎችን ፈለጉ። ዛሬ በጅማ ዙሪያ ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው 74110 እና 74112 የዚያ ፍለጋ ውጤት ናቸው፤ 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፣ እ.ኤ.አ. 1974። ዝርያዎቹን የሚያውቀው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል መልኮ ላይ ነው፤ ችግኙ የሚያስፈልገው ገበሬ ደግሞ ደዶ ቆላው ላይ። በሁለቱ መካከል ቆሞ የተመራማሪውን ቋንቋ ገበሬው በሚገባው አፋን ኦሮሞ የሚያስረዳ፣ የገበሬውንም ጥያቄ ሳያሳንስ ወደ መልኮ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ጋዜጠኛ የምለው እሱን ነው።

ዩኒቨርሲቲው ራሱ ለዚህ ይመቻል። በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ነው፤ ስለ ሰብልም ሆነ ስለ ወባ ለመጠየቅ አዋቂው እዚያው ይገኛል። ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱም ይታወቃል። ተማሪዎች በቡድን ወደ መንደር ወጥተው ችግሩን ያጠናሉ፣ ከነዋሪው ጋርም መፍትሔ ይሞክራሉ። ቤት ለቤት እየዞሩ መጠየቅን የለመደ ልጅ ስልክ ይዞ ከሚውል ዘጋቢ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ገቢው ደግሞ ግልጽ ልሁን። የማኅበረሰብ ሬዲዮ ትርፍ የሚያተርፍ ድርጅት አይደለም፤ ሀብት ለሚፈልግ አልመክርም። ሥራ ግን ሬዲዮ ላይ ብቻ አይደለም። የወረዳና የዞን ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቶች፣ የሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች፣ የቡና ላኪዎች ሳይቀሩ መጻፍና ማስረዳት የሚችል ሰው ይፈልጋሉ።

ቋንቋን አደራ! ምንጫችሁ የሚያወራው በአፋን ኦሮሞ ነው፣ ማስታወሻው በአማርኛ ሊሆን ይችላል፣ ጥናቱ በእንግሊዝኛ። ሦስቱንም አሁኑኑ አጠናክሩ።

ጅማ እስክትገቡም አትጠብቁ። በገበያ ቀን የጀንፈልን ዋጋ ከሻጩም ከነጋዴውም ጠይቁ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ለምን እንደተለያዩ ሦስተኛ ሰው ጠይቁ። ያገኛችሁትን በስልካችሁ ቅዱና ወደ ሁለት ደቂቃ አሳጥሩት። ከዚያ ለሻጩ አሰሙትና «ያልከው ይህን ነው ወይ?» በሉት።