የደጋ አውሮፕላን በወንበር ቁጥር አይገዛም
ሻጩ የሚያሳየው የመንገደኛ ብዛትና ቀትር ላይ ተራራ የሚፈቅደው ጭነት ለየቅል ናቸው

ዓባይ በረሃን የሚያቋርጥ የጭነት መኪና ባለቤት አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ሜዳ ላይ ሲከንፍ የዋለ መኪና ማንነቱ የሚለየው ዳገቱን ሲጀምር ነው። ሊብሬው ላይ የሰፈረው የኩንታል መጠን ሌላ፣ ዳገቱ የሚፈቅደው ሌላ ነው። ገንዘቡን ይዞ ወደ አገር ውስጥ የአየር ትራንስፖርት ለመግባት የሚያስብ ባለሀብትም ከዚህ እውነት አያመልጥም።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ደንብ የውጭ ባለሀብት እስከ 49 በመቶ ድርሻ ይዞ ከኢትዮጵያዊ ባለሀብት ጋር በዚህ ሥራ እንዲሰማራ ፈቅዷል። ስለዚህ “የትኛው አውሮፕላን ያዋጣል?” የሚለው ጥያቄ የአብራሪና የመሐንዲስ ብቻ ሳይሆን የነጋዴም ጥያቄ ነው።

መልሱ የሚጀምረው ከአየሩ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንጻር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ሲሆን፣ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ የሞተር ጉልበት ይደክማል፤ ክንፉም አውሮፕላኑን ለመሸከም የበለጠ ፍጥነት፣ ማለትም የበለጠ መንደርደሪያ ይፈልጋል። ብዙዎች ሙቀት ብቻ ችግር ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ጋምቤላ በ38 ዲግሪ ስትነድ እንኳ አየሯ ከአዲስ አበባ ቀዝቃዛ ማለዳ ይልቅ የታመቀ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሕግ ነው። ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን ሲነሳ አንዱ ሞተር ቢጠፋ፣ ጎማውን ከሰበሰበ በኋላ በቀረው ሞተር ብቻ ለየ100 ሜትሩ ርቀት ቢያንስ 2.4 ሜትር ከፍ ማለት መቻል አለበት። ከፊቱ ተራራ ካለ ደግሞ ከዚህም በላይ ይጠየቃል። ይህን ማድረግ የማይችል ከሆነ ያለው አማራጭ አንድ ነው፤ ጭነት መቀነስ።

ኪሳራው የሚደበቀው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ባለ 70 ወንበር አውሮፕላን ቀትር ላይ 1,500 ኪሎ እንዲቀንስ ተገደደ እንበል። አንድ መንገደኛ ከነሻንጣው 100 ኪሎ ተብሎ ቢታሰብ 15 ወንበር ባዶውን ይሄዳል። ይህም ከ100 ወንበር ከ21 በላይ ማለት ነው። የሊዝ ክፍያው፣ የአብራሪዎቹ ደመወዝና የኢንሹራንስ አረቦኑ ግን አንዲት ሳንቲም አይቀንሱም። መድረሻው ላይ ነዳጅ የማይሸጥ ከሆነማ የመመለሻው ነዳጅ ጭምር ከአዲስ አበባ ስለሚጫን የመንገደኛው ቦታ ይበልጥ ይጠባል።

ገበያው ላይ በብዛት የሚነጻጸሩት ሁለት ዓይነት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ናቸው። የፈረንሳይና የጣሊያኑ ኤቲአር 72 ሞተሮቹ እያንዳንዳቸው ወደ 2,500 የፈረስ ጉልበት ሲኖራቸው፣ በሰዓት 510 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። የካናዳው ኪው 400 ሞተሮች ደግሞ በያንዳንዳቸው ወደ 5,000 የፈረስ ጉልበት አላቸው፤ ፍጥነቱም 667 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሻጮች የሚያደምቁት ፍጥነቱን ነው። ነገር ግን በ300 ኪሎ ሜትር መስመር ላይ የሁለቱ ልዩነት ከስምንት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። የደጋ ገዢ በትልቁ ሞተር የሚገዛው ደቂቃ ሳይሆን፣ አንዱ ሞተር ሲጠፋ ከስሜንና ከላስታ ተራሮች በላይ ሆኖ የመቆየት አቅም ነው። በሌላ በኩል ኤቲአር በነዳጅ ቆጣቢነቱ ይታወቃል። ስለዚህ ዝቅ ባለ መስመር የሚሠራ ሰው ለማይጠቀምበት ጉልበት በየቀኑ ነዳጅ መክፈል የለበትም።

የቡታን መንግሥት አየር መንገድ ድሩክ ኤር ይህን ሂሳብ ቀድሞ ሠርቶታል። የፓሮ አውሮፕላን ማረፊያ በ2,235 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በተራሮች መካከል ባለ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1988 የመረጠው ጄት ባለ አራት ሞተሩን ቢኤኢ 146 ነበር። አራት ሞተር ካለው አንዱ ሲጠፋ የሚጎድለው ሩብ ነው፤ ሁለት ካለው ግን ግማሽ። በአንጻሩ አራት ሞተር አራት የጥገና ሂሳብ አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ ባለ ሁለት ሞተሩ ኤርባስ ኤ319 ሲዞርም የመረጠው ከኤ320 አጠር ያለውን ነው። የክንፉ ስፋት ያው ሆኖ አካሉ ይቀላልና።

ሌላው የሚዘነጋ ነጥብ የአምራቹ ዕድሜ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አምስት ፎከር 50 አውሮፕላኖችን የተረከበው እ.ኤ.አ. በ1996 ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የሆላንዱ አምራች ከሰረ። አየር መንገዱ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኪው 400 ቢዞርም፣ የዚህም አውሮፕላን አዲስ ምርት እ.ኤ.አ. በ2021 ቆሟል። ኤቲአር ግን አሁንም ከፋብሪካ ይወጣል። ይህ ማለት ኪው 400 አይገዛም ማለት አይደለም። አየር መንገዱ ስለሚያበረው ሙያተኛው እዚሁ አዲስ አበባ አለ። ያም ሆኖ አሮጌ አውሮፕላን የሚገዛ ሰው መለዋወጫውን ከማን እንደሚያገኝ፣ ሲሰለቸውም ለማን እንደሚሸጠው ከወዲሁ ማወቅ ይኖርበታል።

ከማሽኑ ውጭም መላ አለ። ዋነኛው ሰዓት ነው። አየሩ ሳይሞቅ ማለዳ የደጋውን መስመር ጨርሶ፣ ከቀትር በኋላ ቆላማውን መሥራት ያንኑ አውሮፕላን ብዙ መንገደኛ ያስጭነዋል። ሆኖም አውሮፕላኑ አንድ ከሆነ ማለዳውም አንድ ነው። ሦስት የደጋ ከተሞችን በአንድ ማለዳ አዳርሳለሁ ብሎ የብድር ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ሂሳቡን ደግሞ ቢያየው ይበጀዋል።

እንግዲህ ከሻጭም ሆነ ከደላላ ፊት የሚቀመጥ ባለሀብት “ስንት ወንበር አለው?” ብሎ ባይጀምር ይመረጣል። ይልቁንም “ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ በዚያ ሙቀት፣ ከዚያ ሜዳ፣ አንድ ሞተር ቢጠፋ የሚፈቀደው ክብደት ስንት ነው?” ብሎ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ይቀበል። ከዚያ በኋላ የሚቀሩትን ወንበሮች ቆጥሮ ዋጋውን ቢከራከር አይቆጭም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።