አሳታሚ ያጣው መጽሐፍ ጆሮ ሲያገኝ

«ፖድካስትና ዩቲዩብ መጽሐፍን ገደሉት» የሚለው ክርክር መጽሐፍ በተመረቀ ቁጥር ይነሣል። አንዱ ወገን ትውልዱ ማንበብ ትቶ ማዳመጥ ጀመረ ብሎ ያዝናል። ሌላው ደግሞ ድምፅ ለሥነ ጽሑፍ አዲስ አድማጭ አመጣ ይላል። ሁለቱም ታዲያ መጽሐፍ ቀድሞ በአገሩ ሁሉ ይዳረስ እንደነበር አድርገው ነው የሚያወሩት። ጎንደር ሆኖ ለሚሰማቸው ሰው ይሄ ያስገርማል።

ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን የሚወርድ አውቶቡስ ድብ ባሕር ሲደርስ፣ ከተሳፋሪው ስልክ ውስጥ ትረካ አይጠፋም። ከሻንጣው ውስጥ ልቦለድ መገኘቱ ግን ያጠራጥራል። ትረካው ስልኩ ውስጥ የገባውም ሁልጊዜ በኢንተርኔት አይደለም። በየከተማው ሚሞሪ የሚጭኑ ሱቆች አሉ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ዘፈኑ፣ መዝሙሩ፣ ስብከቱ፣ ፊልሙና ትረካው በየፎልደሩ ተደርድሯል። ደንበኛው ካርዱን ይሰጣል፣ ብሩን ይከፍላል፣ ሞልቶ ይወስዳል። ፋይሎቹ «ክፍል 1»፣ «ክፍል 2» እየተባሉ ይቀጥላሉ። የተራኪው ስም አንዳንዴ ይጻፋል፤ የደራሲው ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም።

መጽሐፍን በጆሮ መቀበል ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ ገጸ ባሕርይውን ጉዱ ካሣን እንደ ጎረቤቱ አወቀው። ያ ቅጂ ዛሬም ዩቲዩብ ላይ ይደመጣል። ድምፁ መጽሐፉን አልገደለውም፤ እንዲያውም ተፈላጊነቱን ጨመረው። ታዲያ የአሁኑ ከዚያኛው በምን ይለያል?

ልዩነቱ ከቴክኖሎጂው ይልቅ መሐል ላይ የነበረው አካል መጥፋቱ ነው። ብዙ የማይወራለት ምክንያት ይህ ነው፤ ጠንካራ አሳታሚ የለም። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የሚባል ነበር፤ ረቂቅ ይቀበላል፣ ያስገመግማል፣ ያሳትማል፣ ያከፋፍላል። ኩራዝን የሚናፍቅ ሰው ግን በ1975 ዓ.ም. ያንኑ ድርጅት አልፎ የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ገና ከመውጣቱ ከገበያ መሰብሰቡንም ማስታወስ ይኖርበታል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ኩራዝ እየደከመ ሄደ፣ ሳንሱሩም ቀረ። በቦታው ግን ጠንካራ አሳታሚ አልተተካም። ቦታውን የያዘው ደራሲው ራሱ ነው።

ዛሬ አብዛኛው ደራሲ ቆጥቦም ሆነ ተበድሮ ማተሚያ ቤቱን በቅድሚያ ይከፍላል። መጽሐፉን ለአከፋፋይ ያስረክባል፤ ከሽፋን ዋጋው ላይ አከፋፋዩ፣ መደብሩና አዟሪው ድርሻቸውን ያነሣሉ፤ እሱ ደግሞ ሒሳቡ እስኪመለስ ደጅ ይጠናል። ወረቀቱ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ነገሩ ይበልጥ ከብዷል። በዚህ ሁሉ መሐል «የድምፅ መብቱስ የማን ይሁን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። አሜሪካ ውስጥ ደራሲና አሳታሚ ሲዋዋሉ የድምፅ መጽሐፍ ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። እዚህ ደራሲውም አሳታሚውም አንድ ሰው ነው፤ ከራሱ ጋር ምን ብሎ ይዋዋላል?

ባዶውን ቦታ ተራኪው ሞላው። የትኛው መጽሐፍ ለብዙኃን እንደሚደርስ አሁን የሚወስነው በአመዛኙ ማይክሮፎን ገዝቶ ቻናል የከፈተ ሰው ነው። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ተራኪውን በሌብነት ለመክሰስ ይቸኩላሉ። ሕጉ በእርግጥ ከደራሲው ጎን ነው፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የማባዛትና የማሰራጨት መብትን ለደራሲው ሰጥቶ፣ በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቀዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት አዋጁ በወጣበት በዚያው ዓመት ስለሆነ፣ የሥራዎቻቸው መብት እስከ 2046 ዓ.ም. የወራሾቻቸው ነው። ይሁንና ሁለት ሺህም ሦስት ሺህም ቅጂ አሳትሞ ከዕዳ ያልወጣ ደራሲ በየትኛው ጠበቃ፣ ማንን ይከሳል? ቻናሉ ስም የለሽ ነው። ገቢው ራሱ በአገር ውስጥ የማይታይበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ በሚያካፍልባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ ለዓመታት ስላልነበረች፣ ገንዘቡ ውጭ ባለ ዘመድ ወይም ሸሪክ አካውንት በኩል ሲዞር ኖሯል።

የፖድካስቱ ጉዳይ ትንሽ ይለያል። ረጅም ጨዋታ ለኢትዮጵያዊ አድማጭ የተለመደ ነው፤ የመዓዛ ብሩ «የጨዋታ እንግዳ» በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ላይ እንግዳን አስቀምጦ ማጫወትን አስለምዷል። አሁን ደራሲዎች ሁለት ሰዓት ያህል ቁጭ ብለው ሲያወሩ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይሰማል። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጎንደር ሆኖ ጨዋታውን የሰማ ሰው ፒያሳ ወርዶ አዟሪውን ይጠይቃል፤ አዟሪው መጽሐፉ «አልመጣም» ይለዋል። ማታ ቴሌግራም ላይ ሲፈልግ ፒዲኤፉን በነፃ ያገኘዋል። ይህ ሰው መጽሐፍ ጠልቶ አይደለም፤ ለመክፈልም ዝግጁ ነበር። ፖድካስቱ ፍላጎቱን ቀሰቀሰ፣ ፍላጎቱን ወደ ገንዘብ የሚለውጥ ግን በቦታው አልነበረም።

ዲጂታሉን እንደ መድኃኒት የሚያዩትም ቢሆኑ የአማራ ክልልን ማስታወስ አለባቸው። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዩቲዩብና ቴሌግራም በመላ አገሪቱ ለአምስት ወራት ያህል ተገድበው ቆዩ። ገደቡ በተነሣ በሳምንታት ውስጥ ደግሞ በክልሉ የተነሣውን ግጭት ተከትሎ በዚያው የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም ሳይመለስ ቆየ። ሥራውን በሙሉ በአንድ አፕሊኬሽን ላይ የጣለ ደራሲ በዚያ ሁሉ ጊዜ ለጎንደር አንባቢው የለም ማለት ነበር። የታተመው መጽሐፍ ይነበብ ነበር፤ የሚሞሪ ካርዱም እንዲሁ ይደመጥ ነበር።

መፍትሔ ፍለጋው አልቆመም። ዘፋኞች በ2011 ዓ.ም. «አውታር» የተባለውን መተግበሪያ አቋቁመው ዘፈናቸውን ራሳቸው መሸጥ ጀምረዋል፤ በመጽሐፍ በኩል «ተራኪ»ን የመሰሉ የድምፅ መጽሐፍ መተግበሪያዎች መጥተዋል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር ስላለ ጥቂት ብር ለመክፈል ባንክ መሄድ አያስፈልግም። መተግበሪያዎቹ ግን ዳታና ዘመናዊ ስልክ ያለውን ደንበኛ ያሰቡ ናቸው። ሊማሊሞን የሚወርደው ተሳፋሪ ደንበኝነቱ ከሚሞሪ ጫኙ ጋር ነው፤ ይህ ነጋዴ በየቀኑ ትረካ ይሸጣል፣ የትኛው እንደሚፈለግ ያውቃል፣ የሽያጭ ቦታውም ደራሲዎች ሊደርሱበት ያልቻሉት ነው። ከደራሲዎች ማኅበርም ሆነ ከአከፋፋዮች ወገን ለአንድ ካርድ ከሚያስከፍለው ላይ ለደራሲው ስንት እንደሚደርስ ሊዋዋለው ወደ ሱቁ የገባ ሰው ግን እስካሁን አልታየም።